ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስተው ከሚሄዱት ሰዎች አንዷ ነኝ። እናቴ "ልጅቷን ዓይን በላት" ስትል "ትኩሳቷ ስንት ነው?" የምል፣ አክስቴ ህልሟን ልትነግረኝ ስትጀምር "ማታ ምን በልተሽ ነበር?" ብዬ የማቋርጥ፣ ጋኔን አለበት የተባለ ቤት በርካሽ ቢከራይ ሻንጣዬን ይዤ የምገባ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ። አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት አንድ ክረምት ነው። ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ላይ ታች እል ነበር፣ ሥራዬ ምን መሰላችሁ፣ ጋዝ የሚያሸት ዱቄት መሥራት። ቲን ኦክሳይድ ይባላል፣ ሲያዩት ከፉርኖ ዱቄት አይለይም፣ ግን አንዷ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ታንሳለች። እንደዚያ ማድቀቅ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ጋዝ የሚነካው የቅንጣቷን ቆዳ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ባነሰች ቁጥር ቆዳዋ ከሥጋዋ ይበዛል። ዱቄቱን ጥፍር በምታህል ሸክላ ላይ እቀባና በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከላፕቶፔ ጋር አገናኘዋለሁ፣ ከዚያ ሦስት መቶ ዲግሪ ገደማ ድረስ አሞቀዋለሁ። የከሰል ጋዝ ያን ጊዜ ከነካው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፍበታል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ቁልቁል ይወርዳል።

ሁለት ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል። አንደኛ፣ ይሄ ሴንሰር ካልሞቀ አይሠራም፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው። ሁለተኛ፣ ቀርፋፋ ነው፣ አንዴ መስመሩ ከወረደ ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ በዚህ ጉዳይ አማካሪዬ ስንት ቀን እንደጮኸብኝ እኔና ግድግዳው እናውቃለን።

ይህን ሁሉ የምለፋው ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። በየክረምቱ ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ ሽታ የሌለው ነገር ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ይወስደዋል። በዳቦ ዋጋ የሚሸጥ፣ አደጋ ሲመጣ የሚጮህ ነገር እሠራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፣ ልጅነት ነው መቼም።

ችግሩ ዩኒቨርሲቲው መብራት ባለው ቀን እኔ ወረፋ የለኝም፣ ወረፋ ባለኝ ቀን መብራት የለም። አጎቴ ጋሽ ይልማ ጎጃም በረንዳ የጆንያ መጋዘን አለው፣ የእነሱ ፈረቃ ከእኛ ጋር አይገጥምም ነበር፣ ስለዚህ ዕቃዬን በካርቶን አሽጌ ሄድኩበትና አንድ ጥግ ለመንኩት። "ዶክተር፣ ብቻ ጆንያዬን እንዳታቃጥዪብኝ" አለና አሮጌ ጠረጴዛ ሰጠኝ፣ ዶክተር የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው። መጋዘኑ መስኮት የለውም፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ጆንያ ተቆልሎበታል፣ አቧራው አፍንጫ ይበጣጥሳል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሴንሰሬ እውነተኛ አየር የሚያገኝበት ቦታ አገኘሁ ብዬ።

የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ ሳንቃ ነው። ከሳንቃው ወዲያ የጋሽ ሸምሱ ልብስ ስፌት አለ፣ በሩ በጀርባ በኩል ወዳለችው ቀጭን መተላለፊያ ይከፈታል። ጋሽ ሸምሱና አጎቴ ሠላሳ ዓመት በዚያ ሳንቃ እየተነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ሳያይ ሌላው ያስነጥሳል፣ "ይማርህ" የሚለው ድምፅ ከማዶ ይመጣል። እኔም የስፌት መኪናቸውን ድምፅ እየሰማሁ መሥራት ለምጄ ነበር፣ ሲቆም ለምሳ ሄዱ ወይም ለሶላት ሄዱ እላለሁ።

መብራት ሲጠፋ ጋሽ ሸምሱ የኤሌክትሪኩን ካውያ ያስቀምጡና የከሰሉን ያወጣሉ። በዚያ ዘመን መርካቶ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲያ ነበር፣ ከዛገበት ተፈልጎ ያልወጣ የከሰል ካውያ የለም። አንድ ቀን በጀርባ በኩል ሄጄ በሩን ዘግተው ማንደጃውን አጠገባቸው አድርገው ሲተኩሱ አየሁና ደነገጥኩ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ በሩን ክፍት ያድርጉት እንጂ፣ ይሄ ነገር እኮ ይገድላል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ በሩን ከከፈትኩት ዝናቡ የሰው ሱፍ ላይ ይረጫል" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ደግሞ እኔ ከከሰል ካውያ ጋር ነው ያረጀሁት። ምን ሆንኩ?"

ክርክር እወዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ብከራከራቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሴንሰሬ እየሞቀ ስለነበር ተውኳቸው። ይህን ሳስታውስ አሁንም በራሴ እበሳጫለሁ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጠዋት መብራት ነበረ፣ ሴንሰሬን አሙቄ ሥራ ጀመርኩ፣ አምስት ሰዓት ላይ ማንም ሳይናገር ድርግም አለ፣ ፈረቃው ተቀይሯል አሉ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ መለኪያውም የራሱ ባትሪ አለው፣ ማሞቂያው ግን ሞተ። ቅዝቃዜው መስመሩን ወዴት እንደሚወስደው ልየው ብዬ ሳላጠፋው ተውኩት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሴንሰሩ እንደ ማንኛውም ሸክላ በረደ፣ መስመሩ ወደ ላይ ወጥቶ ቀጥ አለ፣ ቀጥ ብሎም ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ።

አጎቴ ምሳ ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ተሸካሚዎቹ በረንዳው ሥር ተጠግተው ይቀላለዳሉ፣ ከአንዋር መስጊድ በኩል የጁምአው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ስለነበር መኪና አይተላለፍም። ከሳንቃው ወዲያ ጸጥ ብሏል፣ ጋሽ ሸምሱ ጁምአ ቀርተው አያውቁም፣ እና ሄደዋል አልኩ። በላፕቶፑ ብርሃን ማስታወሻ እየጻፍኩ ሳለሁ፣ ሰባት ሰዓት አልፎ ይሆናል፣ ቀና ስል መስመሩ ጥርስ አውጥቷል።

ጥርስ ያልኳችሁ ትንንሽ ጉድጓዶች ናቸው፣ ወረድ ብሎ መለስ፣ ወረድ ብሎ መለስ። መጀመሪያ ሽቦ የላላ መሰለኝ፣ ነካካሁት፣ አልላላም። ከዚያ ቆጠርኩ፣ ሦስት አጫጭር ጥርስ፣ አንድ ረጅም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ ካየሁት በኋላ ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ደረቴ ነው ቀድሞ የገባው፣ አብሬው እየተነፈስኩ ነበር።

የራሴ ትንፋሽ ነው ብዬ አፌን ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። መስመሩ ቀጠለ። ርቄ በሩ ጋ ቆምኩ፣ ቀጠለ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር፣ ሴንሰሩ ላይ ደፋሁበት፣ አሁንም ቀጠለ። ልብ በሉ፣ ይሄ እኮ በሦስት ደቂቃ አንዴ እንኳ በቅጡ የማይመለስ ቀርፋፋ ነገር ነው፣ ደግሞ ቀዝቅዟል፣ አንድ ሰው በአፉ ተጠግቶ ቢተነፍስበት እንኳ እንዲህ ሊከተለው አይችልም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።

መብራት የሌለበት መጋዘን፣ ያ ሁሉ ጆንያ፣ ያ መስመር። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እልኸኛ ነኝ፣ ሸክላውን ከነሽቦው ከነላፕቶፑ አንስቼ በመጋዘኑ ውስጥ አዞርኩት፣ ወደ መንገዱ በር ስወስደው ጥርሶቹ ያንሳሉ፣ ወደ ሳንቃው ሳስጠጋው ይተልቃሉ። ሳንቃው ጋ ሳስነካው ስክሪኑን ሞሉት። እና በረጅሙና በሚቀጥለው አጭር መካከል ያለው ዕረፍት እየረዘመ ነበር።

ሮጥኩ። በጀርባ ዞሬ የጋሽ ሸምሱ በር ጋ ስደርስ ተዘግቷል፣ ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚሰቅሉት ትልቁ ጓጉንቸር ግን የለም። ደበደብኩ፣ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ጩኸቴን ሰምቶ ደሳለኝ መጣ፣ ከጎጃም የመጣ የአጎቴ ቋሚ ተሸካሚ ነው፣ ትከሻው በር የሚያህል። ወዲያው አጎቴም ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ ከምሳ ሲመለስ ደረሰብን።

"ጋሼ፣ ጋሽ ሸምሱ ውስጥ ናቸው፣ በሩ ይሰበር" አልኩት።

"ጁምአ አይደለም እንዴ ዛሬ? ሸምሱ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ጓጉንቸሩ የለም፣ እየው።"

"ቸኩሎ በቁልፉ ብቻ ዘግቶት ሄዶ ነዋ። ውስጥ አለ ብሎ ማን ነገረሽ?"

"መሣሪያዬ።"

አጎቴ አየኝ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ። "መብራት ሳይኖር?" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ መብራት የለም። ደሳለኝም እጁን ኪሱ ከቶ "እህቴ፣ የሰው በር ሰብረን ሰው ካጣን እኮ ስማችን ሌባ ነው" አለኝ በጨዋ ቃል። አጎቴ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቱን በር፣ ውስጡ የሰው ሱፍ የተሰቀለበትን፣ በእኔ ቀዝቃዛ ሸክላ ምክንያት ሊሰብር አይችልም፣ ፊቱ ላይ ይታያል። ደቂቃው ይሄዳል። በዓይነ ህሊናዬ ያን ዕረፍት ሲረዝም አየዋለሁ።

ዋሸሁ። "ሲያቃስቱ ሰምቻለሁ" አልኩ። "በሳንቃው በኩል ሰማኋቸው፣ በእናቴ ሞት።"

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ደሳለኝ ዲጂኖ ይዞ መጣ፣ መቀርቀሪያው በሁለተኛው ምት ወለቀ። ውስጡ ይሞቃል፣ ሱፎቹ ተደርድረው ተሰቅለዋል፣ ማንደጃው ቀልቷል፣ ጋሽ ሸምሱ በርጩማው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል፣ አንድ እጃቸው የሙሽራ ሱሪ ጨብጧል። በኋላ እንደሰማነው ሱሪውን ለሠርግ ቀጠሮ ሰጥተውበት ነበር፣ ተኩሼው ልውጣ ብለው ነው ጁምአው ያመለጣቸው። ደሳለኝ ብብታቸውን፣ እኔና አጎቴ እግራቸውን ይዘን ወደ መተላለፊያዋ አወጣናቸው፣ ዝናቡ ፊታቸው ላይ አረፈ። አጎቴ "ሸምሱ፣ ሸምሱ፣ አንተ ሰውዬ" እያለ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ስልኩን ከኪሱ አውጥቼ ለሚያውቀው ባለታክሲ ደወልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ተንፈራገጡ፣ ሳሉ፣ አስመለሳቸው፣ ዓይናቸውን ገለጡ። ታክሲው በሰው መሃል እየገፋ ሲደርስና ሊያነሷቸው ሲሉ እጄን ያዙኝ።

"እሱስ ወጣ?" አሉኝ።

"ማን፣ ጋሽ ሸምሱ?"

ጭንቅላታቸውን ወደ በሩ ሊያዞሩ ሞከሩ፣ አቃታቸው። ደሳለኝ ተመልሶ ገባ፣ ክፍሉ በሦስት እርምጃ የሚያልቅ ነው፣ የተሰቀሉትን ሱፎች አንድ በአንድ ገለጠ፣ ጠረጴዛው ሥር አየ። "ማንም የለም፣ ጋዙ ነው የሚያስቀባጥራቸው" አለ። ታክሲው ይዟቸው ሄደ፣ አጎቴም አብሮ ሄደ።

እኔ ደስ ብሎኛል፣ ሰው አድኛለሁ። በልቤ ምክንያት መፈለግ ጀምሬያለሁ፣ ጋዙ በሳንቃው ቀዳዳ እየገባ ነው፣ ዱቄቱ ያልተጠበቀ ባሕርይ አሳይቷል፣ ወይኔ አማካሪዬ ሲሰማ። ላፕቶፑን ላጠፋ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም።

አሁንም ይተነፍሳል። ጋሽ ሸምሱ ታክሲ ውስጥ ናቸው፣ ማንደጃውን ደሳለኝ ዝናብ ላይ አውጥቶታል፣ በሩ ተበርግዶ ንፋስ ይነፍስበታል፣ መስመሩ ግን ያው ነው፣ ዕረፍቱ ብቻ በጣም ረዝሟል። ደሳለኝን ጠራሁት። "ሳንቃውን ንቀልልኝ" አልኩት። ምን ሆንሽ አላለኝም፣ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ በዲጂኖው አንዱን ሳንቃ ፈነቀለው፣ ከኋላው የጋሽ ሸምሱ ክፍል ሳንቃ አለ፣ በሁለቱ መካከል መዳፍ የማያስገባ ክፍተት። በስልኩ መብራት ከላይ እስከ ታች አየው።

"አቧራ ነው" አለኝ። "ምን ጠፍቶሽ ነው?"

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። አንድ አጭር መጣ። ብዙ ቆይቶ ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ረጅሙን ጠበቅሁ፣ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ደሳለኝ ሰልችቶት እስኪወጣ ድረስ ጠበቅሁ፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ድነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ነጭ ጋውን ሰፍተው ሰጡኝ፣ ኪሱ ላይ በሰማያዊ ክር ስሜን ጽፈውበታል፣ "ማቃሰቴን አላህ አሰማሽ" ብለው መረቁኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጆሮዬን ያደንቃል፣ አጎቴ "ዶክተር" ሲለኝ እንደ ቀድሞው አይስቅም። ውሸቴን ለማንም አልነገርኩም፣ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ያን ቀን 'እሱስ ወጣ?' ብለውኝ ነበር" አልኳቸው።

"እኔ?" አሉ። ክሩን በመርፌው ማስገባታቸውን ቀጠሉ። "ራሴን ስቼ አልነበረም እንዴ ልጄ። ምን ያላልኩት ነገር ይኖራል።" ግን መርፌው ሦስቴ አመለጣቸው።

በዚያ ቀን አጠገባቸው በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ፣ ስፌቱን የማይ መስዬ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ጋሽ ሸምሱ እኩል እኩል ነው የሚተነፍሱት፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ፉጨት አለው፣ ሦስትና አንድ የሚባል ነገር የለም። ማታ ፋይሉን ከፍቼ ለባለታክሲው የደወልኩበትን ደቂቃ ፈለግሁ፣ ጋሽ ሸምሱ ውጭ ዝናብ ላይ ተኝተው ነበር በዚያች ደቂቃ። ከመውጣታቸው በፊት ያለውና ከወጡ በኋላ ያለው መስመር አንድ ሰው ነው። አልተቋረጠም፣ አልተቀየረም፣ መጀመሪያ ካየሁት ጥርስ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ሰው ነው።

ለአማካሪዬ አሳየሁት። "የቀዘቀዘ ሴንሰር ያገኘውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁሉ ይለቅማል፣ ቆርጠሽ ጣይው" አለኝ። መብራት በጠፋበት ሰፈር የምን የኤሌክትሪክ ረብሻ ልለው ፈልጌ ተውኩት፣ መመረቅ ነበረብኝ። ቆረጥኩት፣ ተመረቅሁ። ፋይሉን ግን አልጣልኩትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያ ረድፍ ነጋዴዎች አክሲዮን አዋጥተው ሕንፃ ሊሠሩ ሱቆቹ ፈረሱ። ሳንቃው በሚነሳበት ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ ቆሜ አየሁ፣ አጎቴ ለመጋዘኑ ያዘንኩ መሰለው። መሬቱ እስኪቆፈር ድረስ ጠበቅሁ፣ ድንጋይና ጭቃ ነበር፣ ሌላ ምንም። ሰዎቹን ስለ ድሮው ጠየቅሁ፣ እዚያ ቦታ የሞተ ሰው የሚያውቅ የለም፣ ይሄ ደግሞ አሳረፈሽ እንዳትሉኝ፣ አላሳረፈኝም።

አሁን አስተምራለሁ፣ ጋውኑን እለብሰዋለሁ። ቤቴ በክረምትም ቢሆን አንድ መስኮት ሳይከፈት አያድርም፣ ባለቤቴ ብርድ ሊገድለን ነው እያለ ያጉረመርማል። ሸክላዋ በጥጥ ተጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ ከምንም ጋር አገናኝቻት አላውቅም፣ እጄ ግን ብዙ ጊዜ መሳቢያው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ጋሽ ሸምሱ ስለዳኑ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው፣ በበዓል ስደውልላቸው ያቺ የፉጨት ትንፋሻቸው በስልኩ ትሰማኛለች። ግን ያን ቀን የጠራኝ እሳቸው አልነበሩም። አንድ ሰው ጠራኝ፣ ሄጄ ሌላ ሰው አወጣሁ፣ ተመልሼም የእሱን ትንፋሽ ቆሜ ቆጠርኩ። ሦስቱን አጭር ቆጥሬያለሁ፣ ረጅሙን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።